ከድሬ ወደ ግቢ፦ ፍሬሽማን ለምትገቡ ልጆች ከምደባ ቀን እስከ ዲፓርትመንት ምርጫ

ምደባ የተለቀቀ ቀን ሳቢያን ሰፈራችን እንቅልፍ የለውም። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «የት ደረሰሽ?» «እሱስ የት ወጣለት?» ይባላል። አንዷ እናት እልል ትላለች፤ ሌላዋ «ያን ያህል ርቀት!» ብላ ታለቅሳለች። የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ሲደርሳት እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አክስቴ፣ ምን ምን ልግዛ?» ብላ ነው።

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ዕቃው ያስፈልጋል፣ እመጣበታለሁ። ግን ግቢ በቆየሁባቸው ዓመታት ብርድ ልብስ ስለረሳ ትምህርቱ የተበላሸበት ልጅ አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። አገሩ ላይ ሰቃይ የነበረ ልጅ ግቢ ይገባል። አንድ ነገር አይገባውም። ሌላው ሁሉ የገባው ይመስለዋል፤ ያፍራል፤ ዝም ይላል። ሳይጠይቅ ስድስት ሳምንት ያልፋል። ከዚያ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ይመጣል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። ስለ ሻንጣም አወራለሁ፣ ስለ ገንዘብም አወራለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ቶሎ መጠየቅን እንድትለምዱ ነው የምፈልገው።

1. መጀመሪያ ወረቀታችሁን ያዙ

ከምደባው በኋላ የምትጠብቁት የጥሪ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ ገጽ ላይ አንብቡ። ቴሌግራም ላይ የሚዞር የተቆረጠ ፎቶ አትመኑ። ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ቀኑ ተቆርጦ ሲዞር አይቻለሁ። «ምደባ እናስቀይራለን፣ ትንሽ ብር ላኩ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ አጭበርባሪ ነው። ለሱ አንድ ሳንቲም እንዳትልኩ። ምደባ የሚሠራው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ በሕመም ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት ቅሬታ ያለው ሰው የሚያቀርበውም በይፋዊው መንገድ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምትጠየቁት ይህ ነው፦ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ማስረጃ፣ ሁሉም ከነኮፒው፣ እና ጉርድ ፎቶ። የፋይዳ መታወቂያ ያላወጣችሁ ዛሬውኑ አውጡ። ለባንክም፣ ለሲም ካርድም፣ ለምዝገባም ይጠየቃል።

አሁን አንድ ሥራ ሥሩ። ኦሪጅናሉን ሁሉ በአንድ ላስቲክ ፋይል ውስጥ አድርጉት። ኮፒውን በሌላ ፋይል አድርጉ፤ የእያንዳንዱን አራት አራት ኮፒ ያዙ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱና ለቤተሰብ ላኩ። ኦሪጅናሉ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫንም፤ ጭናችሁ ላይ በያዛችሁት ቦርሳ ውስጥ ነው የሚሄደው። ሻንጣ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። የሚኒስትሪ ካርድ ምትክ ማስወጣት ግን ስንት ቢሮ እንደሚያዞር የደረሰበት ያውቀዋል።

ኮፒ እዚሁ አስነሡ። የምዝገባ ሳምንት ግቢ በር ላይ ያለ ኮፒ ቤት ሰልፉ አያልቅም።

2. ሻንጣው

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ ላይ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ኑ ይላሉ። እነዚህን ያዙ። የድሬ ልጅ የሚሳሳተው ብርድ ልብሱ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ በሽርጥና በስስ አንሶላ ነው ያደግነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋላችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሐረማያ ሌሊት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አንድ ጃኬት፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ያዙ። ከፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ስትመርጡ ሻጩ «ለድሬ ይህ ይበቃል» ይላችኋል። ለድሬ እንዳልሆነ ንገሩት።

ሰው የሚረሳቸው ትንንሽ ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ሁለት ጓጉንቸር (አንዱ ለሎከር፣ አንዱ ለሻንጣ)፣ ነጠላ ጫማ፣ ባልዲ፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን፣ ዲቫይደር፣ ትንሽ ባትሪ፣ መርፌና ክር፣ ፓራሲታሞል። መነጽር የምታደርጉ መለዋወጫ ያዙ። ሴቶች ሞዴስ የሁለት ወር ያህል ይዛችሁ ሂዱ። ግቢ አካባቢ ዋጋው ይወደዳል፤ በሚያስፈልግ ሰዓት ሱቁ ሊዘጋም ይችላል።

ምግብ ካላችሁ በሶ የሚያህል የለም። ስኳርና ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሲጠና ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሚደርስላችሁ እሱ ነው። ዳቦ ቆሎም ጥሩ ነው። ሙሸበክ፣ የኛን ጣፋጭ፣ ብትይዙ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ቢተርፍም ዶርም በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ግን ያዙ። እኔ ከስድስት የማላውቃቸው ልጆች ጋር የተዋወቅሁት በአንድ ላስቲክ ሙሸበክ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ከበቡኝ። ጣታቸውን እየላሱ ስማቸውን ነገሩኝ።

ስቶቭና ምጣድ አትውሰዱ። ዶርም ውስጥ የተከለከለ ነው፤ ይወረሳል። የወርቅ ጌጥም ቤት ይቆይ።

3. ገንዘብ፦ ወጪ መጋራትና የሳምንቱ ብር

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ አይደለም። ስትመዘገቡ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ከደመወዛችሁ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ብዙው ልጅ ወረቀቱን ሳያነብ ይፈርማል። እናንተ አንብቡት፤ ፎቶም አንሱት። ኦሪጅናል ዲግሪ ለመውሰድ ስትሄዱ ይህ ሒሳብ ይመጣል።

ካፌ መብላት ወይም ነን ካፌ መሆን በዚሁ ጊዜ አካባቢ ይመረጣል። ነን ካፌ የሆነ ተማሪ የምግቡን ብር በእጁ ይቀበላል። ወጣትነት ብሩን ይወዳል። እኔ ግን ለመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌ ሁኑ እላለሁ። ምግቡ እንደ እናት እጅ አይሆንም፣ እውነት ነው። ግን ወሩ 22 ሲል ኪሳችሁ ባዶ ቢሆን እንኳ ጦማችሁን አታድሩም። ከተማውን፣ ዋጋውንና ራሳችሁን ካወቃችሁ በኋላ ቀይሩ።

ከቤት የሚላከውን ደግሞ እንዲህ አድርጉ። እንበል በወር 2,000 ብር ተላከላችሁ። ቴሌብር ላይ ሁሉም እያለ አትነካኩት። በየሰኞው 450 ብር ብቻ አውጡ። አራት ሳምንት 1,800 ነው። 200 ይቀራል፤ እሱ ለኮፒና ለድንገተኛ ነው። ሰኞ ያወጣችሁት ሐሙስ ካለቀ እስከ ሰኞ በሶ ነው። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካደረጋችሁ ብሩ የት የት እንደሚሄድ ይገባችኋል። አገር ቤት መመለሻ ትራንስፖርት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። የምታምኑት ሰው ጋር ይቀመጥ፤ አይነካ።

ቤተሰብ የማይልክላችሁ ልጆችም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ የምለው አንድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ሂዱና ተናገሩ። የተቸገሩ ተማሪዎችን የሚረዱ ክበባትና ማኅበራት ብዙ ግቢ ውስጥ አሉ፤ የሚረዱት ግን የሚያውቁትን ሰው ነው። ማፈር ያለበት ሌላ ሰው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

4. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ስለጀመረ ብዙዎቻችሁ ዶርምና ካፌን ለጥቂት ቀናት ቀምሳችኋል። ያኔ ግን እንግዳ ነበራችሁ። አሁን ነዋሪ ናችሁ።

በቀን ድረሱ። ጥሪው ላይ ሁለት ቀን ከተሰጠ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተገኙ። መናኸሪያ ላይ የሚቀበሏችሁ ነባር ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ይኖራሉ፤ ባጅና ባነር ይይዛሉ። ባጅ የሌለው ሰው «ሻንጣ ልያዝልህ» ካለ አመስግናችሁ እለፉ።

ዶርም ስትገቡ አልጋው፣ ፍራሹና ሎከሩ ደህና መሆኑን እዩ። የተሰበረ ነገር ካለ በዚያው ሰዓት ለፕሮክተሩ (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) አስመዝግቡ። ዝም ብላችሁ ከተረከባችሁ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ክሊራንስ (የተረከባችሁትን መመለሳችሁ የሚረጋገጥበትን ወረቀት) ስታዞሩ «አንተ ነህ የሰበርከው» ልትባሉ ትችላላችሁ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው።

ከዚያ ግቢውን በእግር ዙሩ። አምስት ቦታ ፈልጉ፦ ሬጅስትራር፣ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የተማሪዎች አገልግሎት፣ እና የሥርዓተ ፆታ ቢሮ። እያንዳንዱ ቦታ ገብታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?» ይበቃል። ሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ግን አንድ ቀን ከባድ ነገር ይዛችሁ ስትመጡ በሩን ታውቁታላችሁ፣ የሰውየውንም ፊት ታውቁታላችሁ።

5. ጂፒኤ እንዴት እንደሚሠራ ገና ከጅምሩ እወቁ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የፍሬሽማን ዓመት ከ2012 ጀምሮ ተመልሷል። ሁሉም ተማሪ ዲፓርትመንት ከመግባቱ በፊት የጋራ ኮርሶች ይወስዳል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ከሆናችሁ ፊዚክስና ሌሎችም አሉ። በዚህ ዓመት የምታመጡት ውጤት ዲፓርትመንት ምርጫ ላይ ይቆጠራል። «ፍሬሽ ዝም ብሎ ማለፊያ ነው» የሚል ሲኒየር ይገጥማችኋል። አትስሙት። ሜዲስን፣ ሶፍትዌር፣ ሕግ የሚፈልግ ሰው ምርጫው እዚህ ነው የሚወሰነው።

ጂፒኤ የኮርሶቻችሁ ውጤት አማካይ ነው። ሒሳቡ ይኸውና። ከመቶ 90 እና ከዚያ በላይ ኤ ፕላስ፣ 85 ኤ ነው፤ ሁለቱም 4.0 ናቸው። 80 ኤ ማይነስ፣ 3.75። 75 ቢ ፕላስ፣ 3.5። 70 ቢ፣ 3.0። 65 ቢ ማይነስ፣ 2.75። 60 ሲ ፕላስ፣ 2.5። 50 ሲ፣ 2.0። ከዚያ በታች ያለው መንሸራተቻ ነው። ግቢያችሁ ስትደርሱ የራሱን መመሪያ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

አሁን ሦስት ኮርስ ብቻ ውሰዱና አስሉ። እያንዳንዱ 3 ክሬዲት ነው እንበል፤ ክሬዲት የኮርሱ ክብደት ነው። እንግሊዝኛ ኤ ማይነስ አመጣችሁ፦ 3 ሲባዛ በ3.75፣ 11.25። ሎጂክ ቢ፦ 3 በ3፣ 9። ሒሳብ ሲ፦ 3 በ2፣ 6። ድምሩ 26.25። ለ9 ክሬዲት ሲካፈል 2.92 ይሆናል። ሒሳብን ከሲ ወደ ቢ ብታሳድጉት ድምሩ 29.25 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 3.25። አንድ ኮርስ ብቻ ነው የተቀየረው። ግን ከሦስት በታች የነበረው ልጅ ከሦስት በላይ ወጣ።

ያ ልዩነት ከየት ይመጣል? ከ50 ወደ 70 ማለት 20 ማርክ ነው። ብዙ ኮርሶች ላይ ፋይናሉ ከ50 ነው የሚያዘው። የቀረው 50 በክዊዝ፣ በአሳይመንት፣ በሚድ ተበታትኖ ይመጣል። ክዊዝ 5 ማርክ ናት ብላችሁ አትናቋት። አራቱን ስትደምሩ 20 ናቸው። ፋይናል ላይ 20 ማርክ ለማካካስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ብትቸክሉም አይሆንም።

ስለዚህ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። ኮርሱ፣ ክሬዲቱ፣ እስካሁን ያገኛችሁት ማርክ ከስንት። ክዊዝ በተመለሰ ቁጥር ጻፉ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያንን ገጽ አይታችሁ የትኛው ኮርስ እየሰመጠ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሰመጠውን ይዛችሁ መምህሩ ጋር ሂዱ። የቢሮ ሰዓት አላቸው። «አልገባኝም» ብቻ አትበሉ። «ይችን ጥያቄ እስከዚህ ሠራሁ፣ እዚህ ጋ ቆምኩ» በሉ። መምህር ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ ይወዳል። ፊታችሁንም ያስታውሳል።

6. ሌክቸር በእንግሊዝኛ ሲሆን

ሃይስኩልም በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው ትሉ ይሆናል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ማብራሪያው ግን ባማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ነበር። ግቢ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ያደነዝዛል። ሁሉንም ያደነዝዛል፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን የሚነቀንቀውንም ጭምር።

የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ከክፍል በወጣሁ ቀን፣ ማታውን፣ ሌክቸሩን በራሴ ቋንቋ ለአንድ ሰው እናገራለሁ። የድሬ ልጅ ለዚህ ዕድለኛ ነው፤ ከአንድ በላይ ቋንቋ እያወራ ነው የሚያድገው።

አንድ ምሳሌ። ሎጂክ ላይ «ቫሊድ» እና «ሳውንድ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ፍሬሽ ሁሉ ያምታታቸዋል። ሃንድአውቱን አሥር ጊዜ አነበብሁት፤ አልገባኝም። ከዚያ የዶርም ጓደኛዬ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ። «የድሬ ልጅ ሁሉ ይበርራል። አንቺ የድሬ ልጅ ነሽ። ስለዚህ ትበርሪያለሽ።» ሳቅን። ክርክሩ ቅርጹ ትክክል ነው፤ መነሻዎቹን ከተቀበልሽ መደምደሚያውን መካድ አትችይም። ስለዚህ ቫሊድ ነው። መነሻው ግን ውሸት ነው፤ የድሬ ልጅ አይበርርም። ስለዚህ ሳውንድ አይደለም። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ስጽፈው እጄ አልተንቀጠቀጠም።

እንዲህ የሚነገራችሁና የምትነግሩት ሰው ያስፈልጋችኋል። ሦስት ሰው ይበቃል። ስምንት ሰው ሆኖ የተሰበሰበ የጥናት ቡድን ወሬ ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከሲኒየር ፈልጉ። መልሱን ለመሸምደድ አይደለም፤ ሰዓት ይዛችሁ ሥሯቸው።

7. ጫት

ድሬና ሐረር ላደግን ልጆች ጫት እንግዳ ነገር አይደለም። አወዳይ፣ የጫቱ ገበያ፣ ደጃፋችን ነው። አጎቶቻችን ይቅማሉ፤ ሠርጉም ለቅሶውም ላይ አለ። ስለዚህ ግቢ ስትገቡ «አንተማ የድሬ ልጅ ነህ፣ ምርጡን ታውቃለህ» ይሏችኋል። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ «ያነቃል፣ ያስጠናል» ይባላል።

ያነቃል። እንቅልፍ ያባርራል። ያነበባችሁት ግን የሚቀመጠው ስትተኙ ነው። ሌሊት በምርቃና ያነበበ ልጅ ጠዋት ፈተና ላይ ፊደሉ ይታየዋል፣ ሐሳቡ ይጠፋበታል። በማግስቱ ሀራራ አለ። ሀራራው ሌላ ብር ይፈልጋል፤ ከላይ ያሰላነው 450 ብር እዚያው ያልቃል። ግቢ ውስጥ መቃም ደግሞ በዲሲፕሊን ያስጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጀምሩት ከሆነ በፈተና ሰሞን አትጀምሩት። በሌላም ሰሞን አትጀምሩት።

8. ዶርም

ከአራት እስከ ስምንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ መብራት ከጠፋ አይተኛም፤ ሌላው መብራት ካልጠፋ አይተኛም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ሳትኳረፉ፣ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ የጽዳት ተራ፣ ያለ ፈቃድ የማይነካ ዕቃ። ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት።

ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲመጡ አብራችሁ የምትኖሩትን ጠይቁ። «ሱሁር ላይ ብነሣ ትረበሻለህ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብዙ ጠብ ታስቀራለች። እኛ ድሬ ላይ በዚህ ነው ያደግነው፤ የጎረቤት በዓል የኛም ነው። ይህን ይዛችሁ ሂዱ። የብሔር ፖለቲካ ክርክር ዶርም ውስጥ ሲነሣ ግን ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ። ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ወር ሊረዳችሁ የሚመጣ ሲኒየር ብዙ ነው። አብዛኛው ቅን ነው። ሃንድአውት ለመስጠት ከግቢ ውጪ ክፍል የሚቀጥር ግን ሃንድአውት የለውም። መምህርም ቢሆን፣ ማርክን ከሌላ ነገር ጋር የሚያገናኝ ቃል ከተናገረ ቀኑንና ቃሉን ጻፉ፤ መልእክቱን አታጥፉ፤ ሥርዓተ ፆታ ቢሮ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ጓደኛ ያዙ። ብዙ ግቢዎች ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል ያዘጋጃሉ። «ለሰነፍ ነው» ይባላል። ውሸት ነው፤ ጎበዞቹ ናቸው የሚሄዱት።

9. ስትታመሙ ወይም ሲከብዳችሁ

አብራኝ ዶርም የነበረች ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራም። በሁለተኛው ሴሚስተር ታመመች። ክፍል ቀረች። ሚድ አመለጣት። «ይሻለኛል፣ አካክሳለሁ» ትላለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእናቷም አልተናገረችም። እኛም ልጆች ነበርን፣ ምግብ እያመጣን ዝም አልን። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ሄደች። ሬጅስትራር አልሄደችም፤ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም አልሞላችም። የዚያ ሴሚስተር ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ሆነው ተመዘገቡ። ስትመለስ የሚጠብቃት ያ ነበር።

ፎርሙ አንድ ገጽ ነው። ክሊኒክ ሄዳ ማስረጃ ብትይዝ፣ ፎርሙን ሞልታ ብትወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሪአድሚሽን (በድጋሚ ቅበላ) ከቆመችበት ትቀጥል ነበር። ይህን ያኔ ማናችንም አናውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አሁን ያዙት። አንድ ቀን ከታመማችሁ ክሊኒክ ሂዱና ወረቀት ተቀበሉ፣ ቀላል ቢመስልም። ፈተና ካመለጣችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት መምህሩና ዲፓርትመንቱ ጋር ቅረቡ። ሴሚስተሩን መቀጠል ካልቻላችሁ ሳትወጡ በፊት ሬጅስትራር። ሐዘን፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ከሆነም ያው ነው፤ ካውንስሊንግ አለ። እናታችሁን አትዋሹ። «ደህና ነኝ» እያላችሁ እየሰመጣችሁ ከሆነ በድምፃችሁ ታውቃለች።

10. ወደ እኛ ለምትመጡ

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ (በ1999 ነው የተከፈተው) ወይም ሐረማያ የደረሳችሁ የደጋ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሐረማያ ዋናው ግቢ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ትልልቅ ሰዎች አሁንም «አለማያ» ይሉታል፤ ሌላ ቦታ አይደለም።

ድሬ ትሞቃለች። ጠዋት 11 ሰዓት ተነሥታችሁ አጥኑ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ይተኛል፤ ሱቅም ይዘጋል። ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ነፋስ አለ። ውሃው ጠንካራ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ አትደንግጡ። ቁርስ ላይ ፈጢራ ቅመሱ። ሐረር ስትሄዱ ሆጃ (ከቡና ቅጠል የሚፈላውን) ጠጡ።

ትንኝን ግን አትናቁ። ድሬ ላይ ወባ፣ ደንጊ እና ቺኩንጉኒያ ታይተዋል፤ ቺኩንጉኒያ በ2011 ክረምት ብዙ ሰው አልጋ ላይ ጥሎ ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለዋ የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ በርሜል፣ ታንከር፣ የተረሳ ባልዲ ይበቃታል። አጎበር ያዙ። ዶርም ውስጥ ያለ ባልዲና ጀሪካን ክዳን ይኑረው። ትኩሳት ሲይዛችሁ ከፋርማሲ የራሳችሁን መድኃኒት አትግዙ፤ ተመርመሩ። ደንጊ ከሆነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም መፍሰስ ያባብሳሉ። እስክትመረመሩ ፓራሲታሞልና ብዙ ውሃ።

ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል። ድሬ ላይ ዝናብ ባይኖርም ተራራው ላይ ከጠቆረ አትግቡበት። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

11. ዲፓርትመንት ስትመርጡ

ዓመቱ ሲያልቅ ፎርም ትሞላላችሁ። ከፍሬሽማን ውጤት በተጨማሪ የ12ኛ ክፍል ውጤትም ሊቆጠር ይችላል፤ ድርሻው ከግቢ ግቢ ይለያያል፤ በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ጠይቁ፣ መጨረሻ ላይ አይደለም።

ስም ብቻ አይታችሁ አትምረጡ። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። የማትወዱት ዲፓርትመንት ገብታችሁ አራትና አምስት ዓመት ተጎትታችሁ እዚያ ፈተና ላይ መቀመጥ ከባድ ነው። ስለዚህ የምታስቡት ዲፓርትመንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉ። ሻይ ጋብዙት። «ደብተርህን አሳየኝ» በሉት። ገጹን ግለጡ። የሚሠራውን ጥያቄ እዩ። ከመምህሩ አስፈቅዳችሁ አንድ ቀን ክፍላቸው ኋላ ተቀመጡ።

የእህቴ ልጅ ፋርማሲ ብላ ነው ከቤት የወጣችው። ጥር ላይ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ የሦስተኛ ዓመት ልጅ ደብተር አየሁ» አለች። «እና?» አልኳት። «ግማሹ ኬሚስትሪ ነው።» ትንሽ ዝም አለች። «ነገ የኬሚስትሪ መምህሩ ቢሮ ልሄድ ነው፤ እስከ የት እንደሠራሁ ወረቀቱን ይዣለሁ።»